እግር ወደ ላይ አልነሳ ሲል የቻይና መርፌ ይረዳል? (ኮዬ ፈጬ፣ አቃቂ አካባቢ)

የኮዬዋ — ጥር 14፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባለቤቴ ሴራሚክ ሠራተኛ ነው። እዚሁ ኮዬ ፈጬ ሰው ኮንዶሚኒየሙን በተረከበ ቁጥር ወለል ሲያነጥፍ ይውላል፤ ቁጢጥ ብሎ ጀምሮ ቁጢጥ ብሎ ነው የሚጨርሰው። ለገና ሰው ቤቱ ሊገባ ሲጣደፍ ሥራ ተደራረበበትና ከበዓሉ በኋላ አንድ ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ የቀኝ እግሩ መዳፍ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ቀረ። ሕመም የለውም፣ ዝም ብሎ አይነሳለትም። ሲራመድ ጉልበቱን ከፍ ያደርግና እግሩ መሬቱን ጧ እያደረገ ያርፋል። ነጠላ ጫማው ወልቆ ወደ ኋላ ሲቀር እንኳ አይታወቀውም። አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ ደረጃ ሲወርድ ልቤ ተሰቅሎ ነው የምጠብቀው።

ጤና ጣቢያ ሄደን የቫይታሚን ቢ መርፌና ማስታገሻ ሰጥተው ሸኙን። ጎረቤት ወጌሻ ይየው ይላል፤ እናቱ ጠበል ይላሉ፤ የሥራ ጓደኛው ደግሞ አቃቂ ቻይናዎቹ ጋ መርፌ ተሰክቶለት የተነሳ ሰው አውቃለሁ ብሎታል። እሱ ልቡ ወደ መርፌው አዘንብሏል። አኩፓንክቸር ለነርቭ ይሆናል? የሞከረ ካለ እባካችሁ።

ባጃጅ_ቱሉዲምቱ — ጥር 14፣ ከምሽቱ 2፡52

እህቴ አይዞሽ፣ እኔ ተሰክቶልኛል። የኔ መነሻ ጀሶ ነው። ከሞተር ወድቄ እስከ ጉልበቴ ድረስ ታሰረልኝ፣ ጠብቆኝ ነበር፣ ሲፈታ እግሬ ባለቤትሽ እንዳለው ሆነ።

ጓደኛው የሚላቸው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ያሉት ቻይናውያን ሐኪሞች ናቸው። መርፌው የክትባት መርፌ መስሎት እንዳይፈራ፣ በጣም ቀጭን ነው፣ ውስጡም ባዶ አይደለም፤ የሚገባ መድኃኒት የለውም። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል፣ ቅልጥም አጠገብ፣ ቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት፣ ከዚያ በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መሀል ይሰካል። ሲገባ ብዙም አያምም፤ በኋላ ግን ከበድ ያለ የመደንዘዝ ስሜት አለው። ያ ስሜት ሲመጣ ሐኪሙ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ መርፌዎቹ ላይ ትንንሽ ሽቦ አያይዘው ኤሌክትሪክ ይለቁበታል። እኔ ሳላዘው እግሬ ብድግ ዝቅ ሲል ሳይ ሳቄ መጣ። ግማሽ ሰዓት ያህል ትተኛለህ፣ አለቀ።

ዛሬ ባጃጅ እየነዳሁ ነው። ሌላውን ሐኪም ይንገርሽ።

ማስረጃ_የት_አለ — ጥር 14፣ ከምሽቱ 3፡30

ወንድም ባጃጅ፣ እንኳን ዳንክ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጀሶ የተጫነው ነርቭ ጀሶው ከተፈታ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ በራሱ ይመለሳል። መርፌው ባይኖርስ አትድንም ነበር?

ባጃጅ_ቱሉዲምቱ — ጥር 14፣ ከምሽቱ 3፡34

አንተ ደግሞ! ዳንኩ እያልኩህ ለምን ዳንክ ትለኛለህ እንዴ 😄

ፊዚዮ_ገላን — ጥር 14፣ ከምሽቱ 4፡20

የኮዬዋ እህቴ፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ገላን በኩል ነው የምሠራው። ባለቤትሽን ሳላየው ይህ ነው ብዬ አልፈርድም። ሆኖም ወለል አንጣፊ፣ ቁጢጥ ብሎ የሚውል፣ ሕመም የሌለው፣ በአንድ ሌሊት የወደቀ እግር ስትይኝ መጀመሪያ እጄ የሚሄደው ጉልበት ሥር ነው።

ከጉልበቱ በታች በውጭ በኩል ብትዳስሺ አንዲት ድቡልቡል አጥንት ታገኛለሽ። ከእሷ ሥር ፔሮኒያል የሚባለው ነርቭ አጥንቱን ተጠምዝዞ ያልፋል። እግርን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ የሚያነሳውን ጡንቻ የሚያዘው እሱ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ከቆዳና ከጥቂት ስብ በቀር የሚሸፍነው የለም። ስለዚህ ለረጅም ሰዓት ቁጢጥ ያለ ሰው፣ እግር አነባብሮ መቀመጥ የለመደ፣ በጠባብ ጀሶ የታሰረ፣ በአጭር ጊዜ ብዙ የከሳ ሰው እዚያ ላይ ይጫንበታል። በአጨዳና በአረም ወቅትም ገበሬዎች እንዲህ ሆነው ይመጡልናል።

ሌላው የተለመደ ምንጭ ወገብ ነው። በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ተንሸራቶ የነርቩን ሥር ሲጫነው እግር በተመሳሳይ መልኩ ይወድቃል። ለመለየት አንድ ነገር ሞክሩ። ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ አንቺ እግሩን ደግፈሽ ቀጥ አድርጊለትና መዳፉን ወደ ውስጥ፣ ወደ ሌላኛው እግሩ አቅጣጫ፣ እጅሽን ተቃውሞ ይግፋ። ግፊያው ጠንካራ ከሆነ ጉልበት ሥር ያለው ነርቭ የመሆኑ ነገር ያመዝናል። እሱም ከደከመ፣ ወይም በጎን ተኝቶ እግሩን ከዳሌው ማንሳት ካቃተው ወገቡ ይታይ። ይህ ፍንጭ ነው፣ ምርመራ አይተካም።

አሁን ወደ መርፌው። ነርቭ ሁሉ እኩል አይጎዳም። አንዳንዱ መዳቡ ደህና ሆኖ ላስቲኩ ብቻ እንደተላጠ የመብራት ሽቦ ነው፤ ጫናው ሲነሳለት በሳምንታት፣ ቢዘገይ በ3 ወር ገደማ ይመለሳል። ውስጡ የተበጠሰው ግን ከተጎዳበት ቦታ ጀምሮ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል እያደገ ነው የሚመጣው። ጉልበት ሥር ከሆነ ጡንቻው ቅርብ ነው። መቀመጫ ላይ ከሆነ ግን (በመርፌ የተመታ ቂጥ ታውቃላችሁ) ቅልጥም ላይ እስኪደርስ ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ጡንቻው ደግሞ ያለ ነርቭ ከዓመት ከዓመት ተኩል በላይ ከቆየ እየሟሸሸ ስለሚሄድ ነርቩ ቢደርስም አይታዘዝም። የቻይና መርፌ ይህን እድገት ያፋጥናል የሚል ጠንካራ ማስረጃ የለም። ኤሌክትሪክ ሲጨመርበት ጡንቻው ይንቀሳቀሳል፤ ያን ግን ያለ መርፌ፣ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ማነቃቂያም እናደርገዋለን።

መሄድ የለበትም አልልም። ንጹሕ መርፌ በሠለጠነ እጅ ሲሆን ጉዳቱ ትንሽ ነው። ብቻ መርፌው እየተሰካ ሌላው ሁሉ እንዳይቀር። እስከዚያው እነዚህን አድርጉ። ቁጢጥ ማለትና እግር ማነባበር ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ነጠላ ጫማ ይቅር፤ ማሰሪያ ያለው፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ያድርግ። ከጫማው ማሰሪያ ላይ ሰፊ ላስቲክ አስነስታችሁ ከቁርጭምጭሚት በላይ በሰፊ መቀነት ያዙት፣ ጣቱን ከመሬት ያነሳለታል። መቀነቱ ወደ ጉልበት እንዳይወጣ ብቻ። ጠዋትና ማታ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ፣ ነጠላ ወይም ፎጣ በመዳፉ ፊት አዙሮ ወደ ራሱ እየሳበ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይያዝ፣ ይድገም። ካልተሳበ የተረከዙ ጅማት ያጥራል። ያኔ ነርቩ ቢመለስ እንኳ እግሩ ቀጥ አይልም።

ነገ ሪፈር አጽፉ። የነርቭ ምርመራው፣ ኢኤምጂ የሚሉት፣ 3 ሳምንት ገደማ ሲሞላው ነው በደንብ የሚናገረው። ስኳርና ቢ12 አብሮ ይታይ።

ሽንት ከከለከለው፣ መቀመጫውና በጭኑ መሀል ከደነዘዘ፣ ወይም ሁለቱም እግር ከደከመ ግን ሪፈር አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል።

የሰበታው — ጥር 15፣ ከጠዋቱ 1፡10

ሁላችሁም ተማራችሁና ወጌሻን ረሳችሁት። የኛ ሰፈር ወጌሻ ስንቱን አቅንቷል። ቅቤ ቀብቶ ቢያሸው በሳምንት ይሮጣል።

ፊዚዮ_ገላን — ጥር 15፣ ከጠዋቱ 3፡05

ጋሼ፣ ለወለምታ እጃቸው የተባረከ ወጌሾች አሉ፣ አልክድም። እዚህ ግን የወለቀ ነገር የለም። ነርቩ የተጫነው አጥንት ላይ ነው፤ እዚያው ላይ በአውራ ጣት ማሸት መልሶ መጫን ነው። ባቱንና የእግሩን መዳፍ ለስለስ አድርገው ቢያሹለት ደስ ይለዋል፣ ጉዳትም የለውም። ከጉልበት በታች ያለችውን ድቡልቡል አጥንት ግን አይንኩ። ጠብቆ የሚታሰር ሸምበቆና ጨርቅም አይሆንም፣ የባጃጁ ወንድማችን ጀሶ ያመጣውን ነገር ነው የሚያመጣው።

የሰበታው — ጥር 15፣ ከጠዋቱ 3፡40

እሺ ዶክተር። ቅቤውን ግን አትከልክሉ።

ማስረጃ_የት_አለ — ጥር 15፣ ከቀኑ 6፡25

ስለ ማስረጃው ትንሽ ልጨምር፣ ትናንት ባጃጅን የነካሁት ለክፋት አይደለም። ኮክሬን የሚባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ተቋም፣ በ2016 እ.ኤ.አ. አኩፓንክቸር ከስትሮክ ለማገገም፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለነርቭ ሕመም ያለውን ጥቅም አይቶ ሁለቱም ላይ ማስረጃው በቂ አይደለም ብሏል። ጎጂ ነው አላለም፣ አይሠራም ብሎም አልዘጋም። ለወደቀ እግር የሚጠቀሱት ጥናቶች አብዛኞቹ ከቻይና የወጡ ናቸው፤ ተሳታፊያቸው ጥቂት ነው፣ መርፌውም ከፊዚዮቴራፒና ከኤሌክትሪክ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚሰጠው። እንግዲህ የዳነው በየትኛው ነው?

ቦታዎቹ ግን በዘፈቀደ የተመረጡ አለመሆናቸውን ልመስክር። ባጃጅ የጠቀሰው ከቅልጥም አጠገብ ያለው ዙሳንሊ የሚሉት ነጥብ እግርን በሚያነሳው ጡንቻ ላይ ነው ያረፈው። ያንግሊንግጯን የሚሉት ደግሞ ፊዚዮ ካሉት ድቡልቡል አጥንት ፊት ለፊት፣ ከነርቩ ጎን ነው። የጥንቶቹ ቻይናዎች ኢኤምጂ አልነበራቸውም፣ እጃቸው ግን የት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። ይህን ማድነቅና ይፈውሳል ማለት ሁለት ነገር ነው።

ዘነበወርቅ_ያደግኩ — ጥር 15፣ ከምሽቱ 1፡50

ማንም ያላነሳውን እኔ ላንሳ። የወደቀ እግር በኛ አገር ሌላም ምንጭ አለው፣ የሥጋ ደዌ። ሰው ቃሉን ሲሰማ ይሸሻል። አለርት ሆስፒታል አጥር ሥር ነው ያደግኩት፣ አልሸሽም። አለርት በ1965 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ለዚሁ በሽታ ሥልጠናና ሕክምና ነው፤ ዛሬ ሁሉንም በሽተኛ ያያል።

ባክቴሪያው የሚወደው ቀዝቀዝ ያለና ለቆዳ የቀረበ ነርቭ ነው። ፊዚዮ የተናገሩለት የጉልበት ሥሩ ነርቭ አንዱ ነው። እህቴ፣ ባለቤትሽ ሰውነት ላይ ፈዘዝ ያለ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነካ የማይሰማው ቆዳ ካለ፣ ወይም ያ ነርቭ ወፍሮ እንደ ገመድ በእጅ ከተያዘ መርፌ ቤት ሳይሆን ቆዳ ሐኪም ይሂድ። መድኃኒቱ ነጻ ነው፣ ይድናልም። የነርቩ ጉዳት ስድስት ወር ካልሞላው ፕሬድኒሶሎን በሚባል እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ብዙውን ማትረፍ ይቻላል። እግሩ ጨርሶ ያልተመለሰለት ሰው ደግሞ ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ ያለውን ጅማት ወደ ፊት አዙረው የሚሰፉለት ቀዶ ሕክምና አለ። በሰፈሬ ከዚያ በኋላ ሲሮጥ ያየሁት ሰው አለ፣ ኳስ ሜዳ ሳይቀር።

የእግር ድጋፍ የሚሠራ ወርክሾፕ እዚያው አለርት አለ። መናገሻ ያለው ቼሻየር የሚባለው የተሃድሶ ማዕከልም ይሠራል፣ እሱ ግን በዋናነት ለልጆች ነው።

የኮዬዋ — ጥር 15፣ ከምሽቱ 3፡00

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ቆዳውን በባትሪ አየሁት፣ ምንም የለበትም። ወደ ውስጥ ሲገፋ እጄን ነው የገፋው፣ ጠንካራ ነው። ነጠላ ጫማውን ደበቅኩበት 😅 ሐሙስ ሪፈሩን እናጽፋለን። የእናቱ የጠበል ነገርስ ምን ልበላቸው? ቅር እንዲላቸው አልፈልግም።

ፊዚዮ_ገላን — ጥር 15፣ ከምሽቱ 3፡22

ይሂድ። እናትን ማስቀየም ለምን? ብቻ የእግሩ ጀርባ ደንዝዟልና በባዶ እግሩ እርጥብ ድንጋይ ላይ አይሂድ፤ ቢቆረጥም አይሰማውም። ማታ እግሩን በብርሃን እዩለት። ደንዝዞ ሳለ ሙቅ ውኃ ውስጥም አይዘፍዝፍ፣ የከሰል ምድጃ ዳርም አያስጠጋው።

የሰንዳፋ_ልጅ — ጥር 17፣ ከቀኑ 9፡15

ይቅርታ ክሩን ልጥለፍ። እናቴ ስትሮክ መትቷቸው ግራ እግራቸው ይጎተታል። እሳቸውስ ለመርፌ ይሄዳሉ? ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ።

ፊዚዮ_ገላን — ጥር 17፣ ከምሽቱ 1፡30

የእናትህ ሌላ ነው ወንድሜ። ትእዛዙ የጠፋው አንጎል ላይ ነው፤ እግራቸው ብዙ ጊዜ ደንድኖ ወደ ታችና ወደ ውስጥ የሚስበው ስለዚህ ነው። ዋናው መራመድን ደጋግሞ መለማመድ፣ ባታቸውን መሳብና ድጋፍ ማድረግ ነው። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው መርፌ ከመሰካቱ በፊት መድኃኒቱን ለያዘው ሐኪም መንገር አለበት። የልብ ምት ማስተካከያ የተቀበረለት ሰው ደግሞ ኤሌክትሪኩ አይለቀቅበት። ለሁላችሁም፣ መርፌው አንዴ ብቻ የሚያገለግል፣ ፓኮው እፊታችሁ የሚቀደድ ይሁን። ቀቅለን ነው የምንጠቀመው የሚላችሁ ቤት ካገኛችሁ ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ። የጉበት ቫይረስ በዚህ ነው የሚተላለፈው።

ናርዶስ_ለገጣፎ — ጥር 18፣ ከጠዋቱ 4፡45

ሰው ቻይናዎቹን አዲስ ነገር ያደርጋቸዋል እንጂ የሕክምና ቡድናቸው ኢትዮጵያ መምጣት የጀመረው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሄናን ከሚባለው ክፍለ ሀገር እየተፈራረቁ ነው የሚመጡት። እኔ ለወገብ ሕመም ሄጄ ነበር። ሕመሙ ቀለለኝ፣ ዲስኩ ግን በኤምአርአይ እዚያው ነው። ቋንቋው ያስቸግራል፤ የቀድሞ ምርመራችሁን ውጤት ይዛችሁ ሂዱ፣ ወረቀት ከምልክት ይሻላል።

የኮዬዋ — የካቲት 20፣ ከምሽቱ 2፡30

ሰላም ነው? ወሬ ይዤ መጣሁ። የነርቭ ምርመራው ጉልበት ሥር ነው የተዘጋው አለ፤ አልተበጠሰም፣ ወገቡም ደህና ነው። ስኳሩም ቢ12ቱም ደህና። የፕላስቲክ ድጋፍ ተለክቶ ተሠራለት፣ ጫማ ውስጥ ይገባል፣ ደረጃውን አሁን እየዘፈነ ነው የሚወርደው። ፊዚዮቴራፒውን ይሠራል። መርፌውንም ጀመረ፣ እምቢ ቢባል አይሰማም። ፓኮው እፊቱ ሲቀደድ አይቶ ነው የተኛው። ባለፈው ሳምንት አውራ ጣቱ ቀና አለ! ትንሽ ናት፣ ግን ቀና አለች።

ባጃጅ_ቱሉዲምቱ — የካቲት 20፣ ከምሽቱ 2፡41

አላልኩም!! 💪

ማስረጃ_የት_አለ — የካቲት 20፣ ከምሽቱ 2፡58

እንኳን ደስ አላችሁ። ቁጢጥ ማለቱን የተወው በጥር መሆኑን ግን ይመዝገብልኝ።

ፊዚዮ_ገላን — የካቲት 20፣ ከምሽቱ 4፡10

ሁለታችሁም ተዉት እስቲ፣ ለጣቷ ግድ የላትም። የኮዬዋ፣ ጥሩ ምልክት ነው። አሁን ልምምዱን ቀይሩት፤ ተቀምጦ ተረከዙን መሬት ላይ አድርጎ መዳፉን ወደ ላይ ለማንሳት ይሞክር፣ ጥቂት ጊዜ፣ እስኪደክም ሳይሆን እስኪንቀጠቀጥ። ጡንቻው ሲዝል ይረፍ። ድጋፉን ከቤት ውጭ እስክነግረው አያውልቅ። ቆዳውን የሚያቀላበት ቦታ ካለ ወደ ሠሩለት ሰዎች ይመለስ፣ ያስተካክሉታል።

የኮዬዋ — ሚያዝያ 4፣ ከምሽቱ 1፡20

ባለቤቷ ነኝ፣ ስልኳን ተቀብዬ ነው። ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ። እግሬ አሁን ይነሳል፣ ጉልበቱ ግን ከግራው ያንሳል፣ ማታ ሲደክመኝ ይሳባል። መርፌውን ጨርሻለሁ። ጥያቄዬ ሥራ ነው። ቱሉ ዲምቱ አንድ ቤት ሴራሚክ ይጠብቀኛል። ጉልበት ላይ የሚታሰር ስፖንጅ ገዝቼ ተንበርክኬ ብሠራስ?

ፊዚዮ_ገላን — ሚያዝያ 4፣ ከምሽቱ 3፡45

ወንድሜ ጥሩ ጠየቅክ፣ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ነው የሚመለሰው። መንበርከኩ ከቁጢጥ ይሻላል። ስፖንጁ ግን ማሰሪያው ሁለት ነው፤ የታችኛው ልክ ያቺ ድቡልቡል አጥንት ላይ ነው የሚያርፈው። ያን ካጠበቅከው ነርቩን በገንዘብህ ገዝተህ ተጫንከው ማለት ነው። ወይ የታችኛውን ቁረጠው፣ ወይ የማይታሰር፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ ወፍራም ስፖንጅ ያዝ። ጠርዝና ማዕዘን ስትቆርጥ በዱካ ተቀመጥ። በየግማሽ ሰዓቱ ተነስተህ ተራመድ፣ አሸዋውን ራስህ ልታመጣ ትችላለህ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ግማሽ ቀን ብቻ ውሰድ፣ የቤቱን ባለቤት አስቀድመህ ንገረው። የእግርህ ጀርባ ደንዘዝ ካለህ በዚያው ቅጽበት አቁም።

የኮዬዋ — ሚያዝያ 4፣ ከምሽቱ 3፡58

የታችኛውን አሁኑኑ ቆረጥኩት። ዱካው የሚስቴ የቡና ዱካ ነው፣ እሱን ካስለቀቀችኝ።